ትርንጎ ለዘማች ባሏ የመረጠችው ቢላ

«ተረት ተረት!»

«ይምጣ ካለበት!»

ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ። በሩን መለስ አድርጉት፣ ነፋሱ ኩራዙን እንዳያጠፋብን። የዛሬው ተረት የቢላ ተረት ነው። አትፍሩ፣ ሰው አይታረድበትም። እንዲያውም ሰው የሚድንበት ነው።

በድሮ ዘመን፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንዳርጌ ይባላል። አንዳርጌ በቅሎ መጫን የሚያውቅ፣ ከበቅሎ ጋር እንደ ሰው የሚያወራ ሰው ነበር። ከነሱ ጋር እናቱ እማማ አስካለና ታላቅ ወንድሙ ደምሌ ይኖራሉ። ደምሌ አንድ እግሩ አይታዘዝለትም። በዱላ ነው የሚሄደው።

የደምሌ እግር እንዲህ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ከንጉሡ ጦር ጋር ዘመተና ስንቅ የጫኑትን በቅሎዎች ይነዳ ነበር። ወንዝ ሲሻገሩ አንዲት በቅሎ ተንሸራተተች። ጭነቱ የታሰረበት የቆዳ ጠፍርም የደምሌን እግር ጠመጠመው። ደምሌ ቢላውን መዘዘና ጠፍሩን አንድ ጊዜ ገዘገዘ፣ ሁለት ጊዜ ገዘገዘ። በሦስተኛው ቢላው እንደ ቅጠል ታጠፈ። በቅሎዋም በድንጋይ ላይ ጎተተችው። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን ተሰበረ።

እና አንድ ቀን ደግሞ ነጋሪት ተጎሰመ። አዋጅ ነጋሪውም፦ «በሰባተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ዘማች ሁሉ ስንቁን ይዞ ይውጣ!» አለ። አሁን ተራው የአንዳርጌ ሆነ።

ትርንጎ ገብስ ቆላችና በሶ ፈጨች። ድርቆሽ አደረቀች። ከዚያም በስልቻ ሞላችና አሰረች። ይህ ሁሉ አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ቢላው ነው። ዘማች በቢላው ሥጋ ይቆርጣል፣ እሾህ ያወጣል፣ ችካል ይጠርባል። በቅሎ ነጂ ሲሆን ደግሞ ጠፍር ይቆርጥበታል። ያንን ጠፍር መቁረጥ ያቃተው ምን እንደሚሆን በየቀኑ ደምሌን እያየች ታውቀዋለች።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ከባሏ ጋር ገበያ ወረደች። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ ቢላዎቹን በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድሯል። አፎታቸው ተሸልሟል። ስለታቸው ፊት ያሳያል። የአንዳርጌ ዓይን እዚያው ተተክሎ ቀረ።

ነጋዴውም፦ «ይኸውልህ ጀግናው! ይህ ቢላ ድንጋይ ይቆርጣል» አለው።

ትርንጎም፦ «ባሌ ድንጋይ ሊበላ አይደለም የሚዘምተው። ጠፍር ይቆርጣል ወይ?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው እመቤት? ከባሕር ማዶ የመጣ ነው እኮ!»

«ከየትም ይምጣ። ይኸው ጠፍር ይዣለሁ፣ በውሃም አርሼዋለሁ። እስቲ ልገዝግዝበት» ብላ ቢላውን አነሳች።

ነጋዴው ቢላውን ከእጇ ቀማና፦ «ገዝተሽ ሞክሪው!» አለ።

«ሞክሬ ልግዛው እንጂ!»

«እንዲህ ያለች ሚስት ያለችው ሰው ቢላ ምን ያደርግለታል? እሷኑ ይዞ ይዝመት!» አለና በዙሪያው ያለውን ሰው አሳቀ። አንዳርጌም ሳቀ። ትርንጎ ግን እጁን ይዛ ወጣች።

አንዳርጌ መንገድ ላይ፦ «ቆንጆ ቢላ ነበር» አላት።

«ቆንጆ ነው። አንተ ግን እንድትመለስልኝ ነው የምፈልገው» አለችው።

ቢላ ከሌላ ቦታ አይገኝም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይገኝ ነበር። ከመንደሩ ዳር፣ ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ፣ አያ ዘገየ የሚባል ቀጥቃጭ ከሚስቱ ከወለላ ጋር ይኖር ነበር። የዋንዛ በር ሰው ማረሻም ማጭድም ቢላም የሚገዛው ከሱ ነው። የደምሌንም ቢላ የሠራው እሱ ነው። ግን ሰው ሁሉ፦ «የዘገየ ማረሻ ወርቅ ነው፣ ማጭዱም ደህና ነው፣ ቢላው ግን ይታጠፋል» ይላል።

ደግሞ ሰው ዘገየን ይፈራው ነበር። የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል ብለው ያምኑ ነበርና ነው። ስለዚህ ቤቱ አይገቡም። ከማዕዱ አይቆርሱም። ቢላ የሚገዛ ሰው እህሉን ድንጋይ ላይ ያስቀምጥና ወደኋላ ይላል። ዘገየም ቢላውን እዚያው ድንጋይ ላይ ያኖርና ወደኋላ ይላል። ገዢው በነጠላው ጫፍ ያነሳና ይሄዳል። እንግዲህ እንዲህ ነበር የሚገበያዩት። ያሳዝናል አይደል? ያኔ ግን ማንንም አላሳዘነም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ትርንጎ አሰበችና፦ «የታጠፈውን ቢላ ለሠራው ሰው ወስጄ ለምን እንደታጠፈ ልጠይቀው» አለች። ደምሌን ቢላውን ለመነችው። እሱም ከሣጥን አወጣና ሰጣት። ከዚያም ቁልቋሉን አልፋ ሄደች።

ዘገየ ወናፉን እያናፋ ነበር። ሲያያት ተነሳና ወደኋላ አለ። እሷም የታጠፈውን ቢላ ድንጋዩ ላይ አኖረች።

«አያ ዘገየ፣ ይህንን አንተ ነህ የሠራኸው?»

ዘገየ ጎንበስ ብሎ አየና አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። ልትሰድቢኝ ከሆነ ስደቢኝ፣ ለምጄዋለሁ።»

«ልሰድብህ አልመጣሁም። ነገ ባሌ ይዘምታል። የማይታጠፍ ቢላ አለህ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ዘገየ አንድ አዲስ ቢላ አምጥቶ ድንጋዩ ላይ አኖረ። ጠፍርም ውሃ ውስጥ ነክሮ ሰጣትና፦ «ገዝግዢ» አላት። ትርንጎ ጠፍሩን ግንድ ላይ አድርጋ ገዘገዘች፣ ቆረጠችው። ደግማ ቆረጠች። አሥር ጊዜ ቆረጠች። ክንዷ ደከመ እንጂ ቢላው ንቅንቅ አላለም።

«ታዲያ ይህን የመሰለ ቢላ መሥራት ከቻልክ የደምሌ ለምን ታጠፈ?»

«እኔንም ይህ ነው የሚገርመኝ። ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው የምሠራው። ወስደውት ከሄዱ በኋላ የሚሆነውን አላይም» አለና የታጠፈውን ቢላ በእጁ አነሳው። አገላበጠው። ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

«ነይ እስቲ እዪው። እጀታው ቀንድ ነው አይደል? ቀንዱ ተለብልቧል። ይህ ቢላ ከኔ ከወጣ በኋላ እሳት ገብቷል። ማነው እሳት ውስጥ የከተተው?»

ትርንጎ የተለበለበውን ቀንድ በጣቷ ዳሰሰች።

«ልጄ፣ እኔ ብረቱን በእሳት አግለውና ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ያን ጊዜ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ መልሰሽ ፍም ውስጥ ከተሽ በራሱ እንዲቀዘቅዝ ብትተዪው ጥንካሬው ይጠፋል። ይለሰልሳል። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

ትርንጎም ቀስ ብላ፦ «እኛ ነን» አለች። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል። አዲስ ቢላ ቤት ከመግባቱ በፊት ከበርበሬና ከጤና አዳም ጋር ፍም ውስጥ ይቀበራል። ማረሻና ማጭድ ውጭ ስለሚውሉ አይቀበሩም።»

«ለምን?»

«ለዓይን።»

«ለማን ዓይን?»

ትርንጎ መሬት መሬት አየች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ዘገየም ገባው። ድንገትም ሳቀ።

«ወለላ! ነይ ስሚ! ዓይኔ ሰው ይበላል አሉ! ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የጎን አጥንቴ ይቆጠር ነበር?» አለ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቢላህ ታጠፈ እያሉ ይሰድቡኛል። እኔ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ብረቱን ስረግም ኖርኩ።»

በዚህ መሐል ወለላ ሽሮና እንጀራ ይዛ ብቅ አለች። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። እንደማትበላላት እያወቀች፣ ለወጉ ያህል፦ «እንብላ» አለቻት።

ትርንጎ ማዕዱን አየች። ዘገየን አየች። ቤቷ ያሉትን እማማ አስካለን አሰበች። እጇን ታጠበችና ተቀመጠች። ወለላ ደነገጠች። ትርንጎ ግን ቆርሳ ጎረሰች። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ቢሆንም እስኪጠረግ ድረስ በላች። ከዚያም ከቤት ያመጣችውን አንድ ቁና ገብስ ለዘገየ ሰጠችና ቢላውን ከእጁ በእጇ ተቀብላ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እማማ አስካለ ፍሙን አዘጋጅተው ጠበቋት። በርበሬው አለ፣ ጤና አዳሙ አለ።

«አምጪው» አሉ እማማ አስካለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ቢላ እሳት አይገባም።»

«ምን አልሽ?»

ትርንጎ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ብረቱም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ ተለበለበው ቀንድም ነገረቻቸው። እማማ አስካለ ፊታቸው ጠቆረ።

«እሱ ነው እንዲህ ያለሽ? አየሽ፣ ራስሽን አዞረብሽ! ቢላውን ከነዓይኑ ልጄን ልታስታጥቂው ነው? አንዱ ልጄ አንካሳ ሆኖ ቀርቷል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ቀብሬ ልቀመጥ?»

«እማማ፣ ዛሬ ከዘገየ ማዕድ በልቻለሁ።»

አንዳርጌ የያዘውን ስልቻ ጣለ።

«በልቻለሁ» አለች ትርንጎ። «ቢላውንም ከእጁ ተቀብያለሁ። ዓይኑ የሚበላ ከሆነ እኔን በልቶኛል ማለት ነው። የተበላ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይታወቅበታል ይላሉ አይደል? እስክትጠልቅ ይጠብቁ። ከታመምኩ ቢላውን ያቃጥሉት። ካልታመምኩ እንዳለ ይዞት ይሂድ።»

እማማ አስካለ ቢላውን ተቀበሏት። ከዚያም በርጩማቸውን አምጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና ያዩዋት ጀመር። ፍሙ እንዳይጠፋ ከሰል ይጨምራሉ፣ እሷን ያያሉ። ትርንጎ እንጨት ፈለጠች፣ ተከትለው አዩአት። ውሃ ቀዳች፣ ተከትለው አዩአት። ቢላውንም ከእጃቸው አልለዩትም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል በርበሬው ፍም ላይ ወደቀና ጨሰ። ትርንጎም አነጠሰች።

እማማ አስካለ ብድግ አሉ፦ «ጀመራት! ልጄ፣ ጀመራት!»

«እማማ፣ በርበሬው ነው እኮ!» አለች ትርንጎ። ይህን ስትል እማማ አስካለም አነጠሱ። አንዳርጌም አነጠሰ። ደምሌ ጥግ ላይ ሆኖ፦ «እንግዲያው ዘገየ ሁላችንንም በልቶናል!» አለና ሳቀ። እማማ አስካለ ግን አልሳቁም።

ፀሐይ ጠለቀች። ትርንጎ ደህና ነበረች። እንዲያውም ርቧት ቆሎ ትቆረጥም ነበር።

እማማ አስካለ ቢላውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። እሳት ውስጥም አልከተቱትም፣ ለአንዳርጌም አልሰጡትም። ትርንጎ ነገሩ አሁን ገባት። አማቷ የፈሩት ዘገየን ብቻ አልነበረም።

በመጨረሻም እማማ አስካለ፦ «ደምሌ» አሉ።

«አቤት እማ።»

«ያንን ቢላ እሳት ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ ነው የቀበርኩት። እግርህን እኔ ነኝ የሰበርኩት?»

ደምሌ በዱላው ተነሳና መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እጃቸውን ያዘ።

«እማ፣ ያን ጊዜ እሳቱ ዳር ቆመሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። ልጄን ጠብቅልኝ እያልሽ ነበር የምታነጂው። ወንዙ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ያንን ነው። ያንን እያሰብኩ ነው የወጣሁት። አሁን ደግሞ ለአንዳርጌ እሳት ሳይሆን ምርቃት ስጪው። ያው ነው።»

እማማ አስካለም አለቀሱ። ከዚያም ተነሱና በፍሙ ላይ ውሃ አፈሰሱበት። ቢላውን ለአንዳርጌ ሰጡና፦ «በሰላም ሂድ፣ በሰላም ተመለስ» ብለው መረቁት። ትርንጎንም ግንባሯን ሳሟት።

ጎህ ሲቀድ አንዳርጌ ቢላውን ታጠቀና በቅሎዎቹን ነድቶ ወጣ።

ዘመቻው ሦስት ወር ከአሥር ቀን ፈጀ። ትርንጎ ስንቱን ቀን ቆጠረች! እንግዲህ አንዳርጌ ኋላ እንደተናገረው፣ አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ በጠባብ የገደል መንገድ ይሄዱ ነበር። አሥራ አንድ በቅሎዎች በጠፍር እርስ በርስ ታስረዋል። ጓንጉል የሚባለው የመንደራቸው ሰው ጫፉን በወገቡ አስሮ ይመራል። መጨረሻ ያለችው በቅሎ አዳለጣትና ገደል ገባች። ተንጠልጥላ ቀረች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመሩ። ጓንጉልም አብሮ መንሸራተት ጀመረ።

«ቁረጡ! ጠፍሩን ቁረጡ!» አለ ጓንጉል።

አንዱ ዘማች ቢላውን መዘዘና ገዘገዘ፣ ታጠፈ። ሌላው መዘዘ፣ የሱም ታጠፈ። ጠፍሩ ረጥቦ እንደ ብረት ተወጥሯል። አንዳርጌ ከፊት ሮጦ መጣ። ቢላውን መዘዘና አንድ ጊዜ ገዘገዘ። ሁለት ጊዜ ገዘገዘ። ሦስተኛው ላይ ወንድሙ ትዝ አለው። ቢላው ግን ገባ። ጠፍሩ ተበጠሰ። አንዲት በቅሎ ጠፋች። አሥሩ ቀሩ። ጓንጉልም ጭቃው ላይ ቁጭ አለና፦ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ መሬቱን ሳመ።

ዘማቾቹ አንዳርጌን ዙሪያውን ከበቡት።

«የማን ሥራ ነው ይህ ቢላ? ከባሕር ማዶ ነው?»

«የዘገየ ነው» አለ አንዳርጌ።

«አትቀልድ! የኔም የዘገየ ነው፣ ይኸው ታጥፏል!»

«ያንተን እናትህ ፍም ውስጥ ከተውታል። የኔን ሚስቴ አላስነካችም» አለና ሁሉን ነገራቸው። ማንም አልሳቀም። እያንዳንዱም የራሱን ቢላ መዝዞ እጀታውን አየ።

ከዚያም ዘመቻው አለቀና ሰዉ ወደየአገሩ ተመለሰ። አንዳርጌም ዋንዛ በር ደረሰ። እልልታው ተራራውን ሞላው። ትርንጎ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ደምሌ ሁለቱን እግሮቹን አየና፦ «ደህና ናቸው! ሁለቱንም ይዟቸው መጥቷል!» አለ።

እማማ አስካለ ልጃቸውን ስመው ሳይጠግቡ፦ «ቢላውን አሳየኝ» አሉት። አንዳርጌ ሰጣቸው። በመሳል ብዛት ቀጥኗል፣ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። የገደሉንም ነገር ሰሙ። ከዚያም ነጠላቸውን አደገደጉና በትራቸውን ይዘው ወጡ።

«እማማ፣ ወዴት ነው? ድግሱ ሊቀርብ ነው እኮ!» አለች ትርንጎ።

«እናንተ ብሉ» አሉ።

ቀትር ላይ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ በመንገድ ላይ ነበር። እማማ አስካለ ሰው ሁሉ እያያቸው ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ አለፉ። ዘገየ ወናፉን ያናፋ ነበር። እሳቸውን ሲያይ ደነገጠና ተነስቶ ወደኋላ አለ።

«እማማ፣ ታጠፈ እንዴ?»

«አልታጠፈም። ልጄ መጥቷል» አሉት። ድንጋዩን አልፈው ሄዱና መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። በትራቸውን አጠገባቸው አኖሩ። «ዘገየ፣ ላመሰግንህ ነበር የመጣሁት። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ቃሉ አነሰብኝ። ከቤቴ እስከዚህ ዳገት ነው። ርቦኛል። ቤት ያፈራውን ስጡኝ።»

ወለላ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

«እማማ፣ ከኛ ቤት?»

«ከናንተ ቤት። ምነው፣ ምራቴን አብልታችሁ ለኔ ሲሆን ሽሮው አለቀ?»

ወለላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ዕቃ ሲንኳኳ ተሰማ። መንገደኛው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ማዕዱ መጣ። እማማ አስካለ እጃቸውን ታጠቡና ቆረሱ። ጎረሱ። አላመጡና ዋጡ።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ። ደግመው ቆረሱ።

ዘገየ እሳቸውን ሲያይ ወናፉን ረሳው። ፍሙም ቀስ እያለ ጠፋ። በዋንዛ በር የዘገየ እሳት በቀትር ሲጠፋ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ከቆሎው ዝገኑልኝ፣ ከጠላውም ጨምሩልኝ። የመጣሁት ከሩቅ ነው፣ ሳትመግቡ አትሸኙኝ!